ቀጥ ያለ መስመር በሕያው ገላ ላይ

አንባቢዬ፣ አንድን ሥራ ጠንቅቀው ማወቅዎ ሌላውን ሥራ እንዳያዩ ጋርዶዎት ያውቃል? በእኔ ላይ ደርሷል። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ የተሸከመችው ግን የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ዛሬም በአንገቷ ይዛው ትኖራለች።

አሁን በደብረ ማርቆስ ለልጆች ፊደል አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «ነቃሽ ነበርሽ ይባላል፣ እውነት ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። እውነት ነው። በጣልያን ዘመን ከይጁቤ መለስ ብላ ባለች መንደር ከአክስቴ ጋር ስኖር የሰው አንገትና ክንድ እነቅስ ነበር። መስመር ቀጥ ማድረግን እንዴት እንደተማርሁ ከመጀመሪያው ልንገርዎ፤ መጀመሪያው ካልታወቀ መጨረሻው አይገባምና።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ብራና ሲወጥርና ሲፍቅ የማግዘው እኔ ነበርሁ። የፍየሉ ቆዳ ርጥብ ሳለ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በገመድ ይሳባል፤ ሲጠነክር ይፋቃል፤ ደርቆ ሲወርድ እንደተወጠረ ይቀራል። ከዚያ በኋላ በወስፌ ተጭነው ያወጡበት መስመር ዘለዓለም ካለበት አይነቃነቅም። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ከአባቴ የተሻለ መስመር አወጣ ነበር፤ እሱም ይህን ለመጣ ለሄደው ሁሉ ያወራ ነበር። ጣልያን ሊገባ አንድ ዓመት ሲቀረው አባቴ በንዳድ ሞተ፤ እኔም ወስፌውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ አክስቴ ቤት ገባሁ።

አክስቴ በአገሩ የታወቀች ነቃሽ ነበረች። ዕቃዋ ጥቂት ነው፤ በክር የታሰሩ ሁለት መርፌዎች፣ ጥላሸት የያዘች ትንሽ ቅል፣ ንጹሕ ጨርቅ። ጥላሸቱን የምታገኘው የኑግ ዘይት መብራት ላይ ገል ደፍታ ነው። በዚያን ጊዜ ጋዝ ከከተማ መምጣት ጀምሮ ነበር፤ የጋዝ መብራት ደግሞ ጥላሸቱ ብዙ ነው። በእሱ እንጠቀም ብላት ጮኸችብኝ።

«የጠላት ጭስ ክርስቲያን ገላ ውስጥ አይገባም!»

«መርፌውስ? መርፌውም ከእነሱ ሱቅ አይደለም የተገዛ?»

«መርፌ ይታጠባል» አለችኝ፤ ነገሩም በዚሁ አለቀ።

አንድ ዓመት ያህል ጥላሸት እየበጠበጥሁና የሚነቀሱትን ሴቶች ራስ እየደገፍሁ ሥራዋን ተመለከትሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከማየት ይልቅ እንከን እፈልግ ነበር። አክስቴ መስመሩን በጥላሸት ምልክት ስታደርግ ሴትዮዋን ታስነሳታለች፤ ታስቀምጣታለች፤ «እስቲ ወዲያ ሂጂ፣ ውኃ እንደተሸከመ ሰው ሁኚ፣ አሁን ደግሞ ወደኔ ተመልከች» ትላታለች። ይህን ሁሉ የባልቴት ልማድ አድርጌ ቆጠርሁት። ቆዳው ተወጥሮ መስመሩ ቢወጣ በአንድ ጊዜ ያልቅ ነበር እያልሁ በልቤ አዝንባት ነበር።

የጎረቤታችን ልጅ ልትዳር አንድ ወር ሲቀራት ለአንገት ንቅሳት መጣች። ሦስት ዙር መስመር ነበር የፈለገችው። ያን ቀን አክስቴ ይጁቤ ገበያ ሄዳ ነበር። ልጅቱ «ነገ እመለሳለሁ» ብትለኝ እኔ ነኝ ያስቀረኋት። አክስቴ ሳትመለስ ጨርሼ ላስገርማት ፈለግሁ።

መደቡ ላይ አስተኛኋትና አገጯን ወደ ሰማይ ቀና አደረግሁት። የአንገቷን ቆዳ በግራ እጄ ቁልቁል ጎትቼ እንደ ብራና ወጠርሁት። ከዚያም ከጆሮ ግንዷ እስከ ጆሮ ግንዷ ክር ዘርግቼ ለካሁና ሦስት መስመር አወጣሁ። እንዴት ያማሩ ነበሩ! አባቴ ቢያያቸው እጄን ይስመው ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ስወጋ ልጅቱ አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸችም።

ስጨርስ «ተነሽ» አልኋት። ተነሥታ አገጯን ወደ ቦታው መለሰችው።

መስመሮቹ ወደቁ። ሌላ ቃል የለኝም። ከጉሮሮዋ ላይ ሦስቱም እንደ ላላ ገመድ ረገቡ፤ በግራ በኩል ደግሞ ሁለቱ ተጠጋግተው አንድ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። መስታወት በቤታችን አልነበረም። «አማረብኝ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አክስቴ ገበያዋን አዝላ ስትገባ ልጅቱን አየቻት፤ አገልግሏን ሳታወርድ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን አደረግሽ?»

«ቀጥ አድርጌ ነው ያወጣሁት። ለክቼ ነው። ቀና ስትል እኮ ቀጥ ያለ ነው፤ አሳዪያት እስቲ፣ ቀና በይ...»

«ታዲያ ይች ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ ሰማይ ሰማይ እያየች ትኑር?»

በማግስቱ አክስቴ ከሥር ነጠብጣብ ጨምራ ልትሸፋፍነው ሞከረች፤ ትንሽ ረዳ እንጂ አልዳነም። የልጅቱ እናት መጥታ በራፋችን ላይ ቆመች። ጮኻ ብትሰድበን ይቀለኝ ነበር። «ልጄን ነበር የላክሁላችሁ፤ የፍየል ቆዳ አልላክሁም» ብላ ተመለሰች። በሠርጉ ቀን ሙሽራዋ ነጠላዋን እስከ አገጯ ጠቅልላ ተቀመጠች። የወንዱ ሚዜዎች ግን አይተው ነበርና አልማሯትም፤

«ነቃሿ ሰክራ ነው ጠጅ ጠጥታ፣
የአንገቷ መስመር ዞረ ተንገላታ»

እያሉ ሲጨፍሩ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ሰማሁ።

አክስቴ መርፌውን ከለከለችኝ። «የሰው ገላ አትነኪም። የራስሽ ገላ አለልሽ» አለችኝ። ስለዚህ በራሴ ግራ ጭን ላይ መማር ጀመርሁ። ዛሬም እዚያው አሉ፤ አሥራ አንድ መስመሮች ናቸው፤ ከላይ ወደ ታች ቢነበቡ የትምህርቴ ታሪክ ናቸው።

የመጀመሪያው እንደ ትል የወፈረ ነው። ጥላሸቱ ከመስመሩ ወጥቶ በቆዳው ሥር ተስፋፋ፤ ሰማያዊ ጭስ ይመስላል። ምክንያቱን ስፈልግ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። መርፌው ጠልቆ ይገባል። ቀለሙ የሚቀመጥበት ከላይኛው ልጣጭ ሥር ያለው ስስ ቦታ ነው፤ ከዚያ ካለፈ መያዣ የለውም፤ ይፈስሳል። መፍትሔውን አክስቴ ለካ በእጇ ይዛው ትኖር ነበር። በመርፌዎቹ ላይ የጠመጠመችው ክር ለማሰሪያ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ክሩ ወደ ጫፉ ቀርቦ ስለተጠመጠመ ከሁለት የጤፍ ፍሬ የማይበልጥ ጫፍ ብቻ ነው የሚወጣው፤ እጅ ቢሳሳት እንኳ ክሩ ያቆመዋል። እንዲያ ጠምጥሜ የሠራሁት ሦስተኛው መስመር ቀጠነ።

ቢቀጥንም ይቆራረጥ ነበር። አንዱ ነጥብ ከሌላው ይርቃል፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ይደራረባል። እስትንፋሴን ውጬ እወጋ ስለነበር ነው፤ እስትንፋስ ሲታፈን እጅ ይንቀጠቀጣል። እየተነፈስሁ እስትንፋሴ ሲወጣ መውጋት ስጀምር ነጥቦቹ እንደ ተራመደ ሰው ዱካ እኩል ሆኑ። ደሙንም በጨርቅ መጎተት ተውሁ፤ መጎተት ጥላሸቱን በቆዳው ላይ አሰራጭቶ ምልክቱን ያጠፋል። ጫን ብሎ ማንሣት ይበቃል። ያመለጠኝን ነጥብ በዚያው ቀን ደግሜ መውጋትም ተውሁ፤ የቆሰለ ቆዳ ሲወጉት ይቀደዳል እንጂ ቀለም አይይዝም። ይህን የተማርሁት በሰባተኛው ላይ ነው፤ ሰባተኛው አሁንም እንደ ጠባሳ አበጥ ያለ ነው።

ዋናው ጥፋቴ ግን ገና አልገባኝም ነበር። መስመሮቼ ቀጥነዋል፤ ጠርተዋል፤ ስቆም ግን ሁሉም ይጠማዘዛሉ። አንድ ቀን ጠዋት ተቀምጬ ስምንተኛውን በከሰል አስምሬ መርፌ ሳላነሣ የአክስቴ ላም ገመዷን በጥሳ ወደ ጎረቤት ገብስ ገባች። ቀሚሴን እንደሰበሰብሁ ሮጥሁ፤ ላሚቱን ይዤ ስመለስ ጭኔን አየሁ። አልተወጋም፤ ደም የለበትም፤ ከሰሉ ብቻውን ጠምሟል። ተቀመጥሁ፤ ቀና። ቆምሁ፤ ጠመመ። እንደገና ተቀመጥሁ። ላሚቱን እንደያዝሁ ስነሣና ስቀመጥ አክስቴ ከበራፍ ታየኛለች።

«ገባሽ?» አለችኝ።

ገባኝ። ብራናው የሞተ ነው፤ እንደተወጠረ ይቀራል። የሰው ቆዳ ግን ሲለቁት ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የጻፉበትንም ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ምልክቱ የሚደረገው ሰውየው እንደሚኖርበት ሆኖ ሲቆም ነው። መወጠር የሚመጣው በኋላ ነው፤ እሱም መርፌው በሚገባበት ቦታ ብቻ፣ በሁለት ጣት መካከል፣ ምልክቱን አምኖ። ሲወጠር ምልክቱ ጠሞ ቢታይም የጠመመውን ተከትለው ይወጋሉ፤ ሲለቁት ይቃናል። ለእኔ ከባዱ ይህ ነበር። ዓይኔ ጠማማ እያየ እጄ እንዲከተል ማድረግ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት።

«ብነግርሽ አባትሽን ትጠቅሽብኝ ነበር።»

እውነቷን ነው፤ ሆኖም እኔ ዛሬ ተማሪዎቼን እንዲያ አላስተምርም። ነግሬያቸው ካልሰሙ ያኔ ይሳሳቱ።

ዘመኑ ሲከብድ ጎልማሶቹ እየተነሡ ዱር ገቡ። በዚያው ክረምት ወንዙ ዳር ሁለት ሬሳዎች ተገኙ። ልብሳቸው ተገፏል፤ ማዕተባቸው ተበጥሷል። የእኛ ይሁኑ የባንዳ፣ ክርስቲያን ይሁኑ አይሁኑ የሚያውቅ ጠፋ፤ ሰዉም ፈራ። ካህናቱ ሊያነሧቸው ሲመክሩ ሌሊቱ አለፈ፤ ጠዋት የተገኘው ጅብ ያስቀረው እንጂ የሚቀበር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እናቶች ስለ ሞት ሳይሆን ስለ መቀበር መጨነቅ ጀመሩ።

አንገቷን ያበላሸሁባት ልጅ ወንድም ዱር ሊገባ ሲቆርጥ እናቱ ወደ አክስቴ ይዛው መጣች። ልጅቱም ከባሏ ቤት መጥታ ነበርና አብራቸው ገባች።

«መስቀል ንቀሽልኝ» አለች እናቱ። «ማዕተቡን ይበጥሱበታል። ገላው ላይ ያለውን ግን ማን ይበጥሰዋል? ያገኘው ሰው ክርስቲያን ነው ብሎ ከቤተ ክርስቲያን አፈር ያግባልኝ። ነገ ይሄዳል።»

አክስቴን ግን ቁርጥማት አውራ ጣቷን አሳብጦት እንዝርት እንኳ ማሾር ተስኗት ነበር። እጇን አሳየቻት፤ ከዚያም ወደ እኔ ጠቆመች። «እሷ ትችላለች። አሁን ትችላለች።»

«የሴት ልጄን አንገት ሰጥቻት አይቻለሁ» አለች እናቱ፣ እኔን ሳታይ። «ቢበላሽስ? እሳት የበላው ጠባሳ ነው ብለው ቢያልፉትስ? አይሆንም። ይቅር።»

ልትነሣ ስትል ልጅቱ ነጠላዋን ከአገጯ ዝቅ አደረገች።

«እማ፣ ወንዝ ስንታጠብ ጭኗን አይቻለሁ። ላይኛው እንደኔው ነው። የታችኛው ግን እንደ ክር ነው። ታድርገው።»

«አንች ይህን ትያለሽ?»

«እኔ ካላልሁት ማን ይላል?»

ወንድምየው ሳቀ። «ተስማሙና ንገሩኝ። ለጣልያን ጥይት ሳልደርስ በመርፌ ልትጨርሱኝ ነው መሰል።»

እናቱ መልሳ ተቀመጠች።

በአውራ ጎዳናው በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄዱ የጣልያን መኪናዎች ድምፅ ይሰማ ነበር። በሩን ገርበብ አድርገን ወንድምየውን ብርሃኑ በሚገባበት አቆምሁት። ቦታውን የመረጥሁት አስቤ ነው። ወደ እጅ አንጓ የቀረበው ቆዳ መዳፍ ሲገለበጥ ብዙ ይዞራል፤ ወደ ክርን የቀረበው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ከክርኑ በታች፣ በውስጥ በኩል፣ በግራ ክንዱ ላይ እንዲሆን ወሰንሁ።

«እጅህን ልቀቀው» አልሁት። «ጡንቻህን አታውጣ።»

«ጠብመንጃ እንደያዝሁ ልሁን?»

«አይደለም። ምንም እንዳልያዝህ። ዝም ብሎ ይውረድ፤ እንደ...»

ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። ሁላችንም ሰማነው፤ ሳይነገር።

«እንደ ሬሳ» አለኝ ቀስ ብሎ። «በይው እንጂ። ልክ ነሽ፤ የሚፈለገው ያኔ አይደል?»

እናቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሱ መደቡ ላይ በጀርባው ተንጋለለና ክንዱን ዘርግቶ ለቀቀው፤ ዓይኑንም ጨፈነ። ያን ጊዜ በከሰል አሰመርሁ። ቁመቱ አንድ ጣት፣ አግድሙ ከዚያ ያጠረ። አስነሥቼ አየሁት። መልሼ አስተኛሁት። በሆዱም እንዲተኛ አደረግሁት፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ክንዱ ሲገለበጥ ምልክቱ በጥቂቱ ዞረ፤ መስቀልነቱ ግን አልጠፋም። ሁለት ጊዜ ደምስሼ ሦስተኛውን ተቀበልሁት።

ከዚያ ወጋሁ። በሁለት ጣቶቼ መካከል ያለውን ብቻ ወጥሬ፣ እየተነፈስሁ፣ ነጥብ በነጥብ። ሲወጠር መስመሩ ጠሞ ይታየኝ ነበር፤ እጄ ሊያቃናው ፈለገ፤ ከለከልሁት። በመጀመሪያ ቀልዱን ቀጥሎ ነበር፤ «የአክስትሽን መርፌ ባንዳ ነው የሳለው» ይለኝ ነበር። ኋላ የጋቢውን ጫፍ ነከሰ። እህቱ ደሙን እየተጫነች ታነሣልኝ ነበር፤ አንድ ጊዜም አልጎተተችውም።

ስጨርስ ክንዱን ለቀቅሁት። መስቀሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። እናቱ መጥታ ጎንበስ ብላ አየችው፤ ከዚያ ወደ በሩ ርቃ ሄደችና ከዚያ ሆና ደግሞ አየችው። በማግስቱ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ አላየነውም።

ጠላት ከወጣ በኋላ የሄዱት ሲመለሱ እሱ አልተመለሰም። ወሬው የተሰማው ቆየት ብሎ ነው። ከደምበጫ በኩል በቅሎ ይዞ የመጣ ነጋዴ በአንድ መንደር ስሙ ያልታወቀ ጎልማሳ በደጀ ሰላም እንደተቀበረ ተናገረ። እናቱ፣ እህቱና እኔ ስንቅ ይዘን ተነሣን። እኔ ልምጣ ወይ ብዬ አልጠየቅሁም፤ እናቱም አትምጪ አላለችኝም። ሁለት ቀን ተጓዝን።

ሬሳውን ያገኘው ገበሬ ከማሳው ጠርተውት መጣ። ከኮረብታው ላይ ሆኖ እንዳየው ነገረን፤ ልብስ አልነበረውም፤ አንገቱም ባዶ ነበር።

«ልለፈው ብዬ ነበር፤ እውነቱን ልንገርሽ እናቴ» አላት። «ፈራሁ። ኋላ ክንዱን አየሁት። እዚህ ላይ» ብሎ ከራሱ ክርን በታች ነካ። «ሮጬ ለቄሱ ነገርሁ። ክርስቲያን ነው አልኋቸው።»

«መስቀሉ እንዴት ያለ ነበር?»

«ቀጭን ነው።»

«ቀጥ ያለ ነበር?»

«ቀጥ ያለ ነበር። ቆሜ ነው ያየሁት፤ ጎንበስ አላልሁም።»

እናቱ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ ግን አንድ ጥርጣሬ ነበረብኝ፤ ልደብቅዎ አልፈልግም። በጎጃም ክንዱ ላይ መስቀል ያለው ብዙ ነው። ገበሬውም የልጁን መልክ አያስታውስም። ይህን ለእናቱ አልነገርኋትም፤ እህቱም አልነገረቻትም። መቃብሩ ላይ አለቀሱ፤ ፍትሐት ተደረገ፤ አገራችን ተመልሰን ተዝካሩ ወጣ።

ከተዝካሩ በኋላ እናቱ ብቻዋን መጣች። የቀሚሷን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰብስባ ግራ ክንዷን ዘረጋችልኝ፤ «በዚያው ቦታ» አለችኝ። የአሮጊት ቆዳ ሌላ ነው፤ ስስና ላላ ነው፤ መርፌውን ከጤፍ ፍሬ አሳንሶ ማውጣትና ነጥቡን ማራራቅ ያስፈልጋል፤ ደግሞ ሲወጥሩት በሦስት ጣት እንጂ በሁለት አይያዝም። መደቡ ላይ ተንጋለለች። እጇን እንድትለቀው ልነግራት አፌን ስከፍት ቀድማ ለቀቀችው።

ያ የመጨረሻ ሥራዬ ነበር፤ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት ገባሁ። ስለዚህ ይህን ያነበቡ እርስዎ ነቃሽ ይሁኑ አይሁኑ አንድ ነገር ልለምንዎ። ነገ ጠዋት ከምድጃው አንድ ከሰል ያንሡና መዳፍዎን ወደ ላይ አድርገው በክንድዎ ላይ የሚችሉትን ያህል ቀጥ ያለ መስመር ያውጡ። ከዚያ መዳፍዎን ይገልብጡና ይመልከቱ። ይደምስሱት፤ አሁን ደግሞ ክንድዎን ሙሉ በሙሉ ለቀው፣ ምንም እንዳልያዙ ሆነው፣ እንደገና ያስምሩት። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ እስኪቃና ድረስ ይሞክሩት።